የሚመች ኤሌክትሪክ ጊታር እንዴት ይመረጣል? ጥያቄና መልስ

ስለ ጊታር ቅርፅና ምቾት የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ስለ ድምፅ፣ ስለ ፒክአፕና ስለ አምፕሊፋየር የመጡትን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጌያቸዋለሁ። እዚህ ያሉት ጊታሩ ጭን፣ ጎድንና ትከሻ ላይ ሲያርፍ ስለሚሆነው ነገር ብቻ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ነኝ። የፌንደር ኩባንያ ስትራቶካስተርና የጊብሰን ኩባንያ ሌስ ፖል መሃል ተወዛግቤያለሁ። የቱ ይመቻል?

መልስ፦ ለብዙ ሰው ስትራቶካስተር። ሆን ተብሎ ለምቾት የተሠራ ነውና። ፌንደር ቀድሞ ያወጣው ቴሌካስተር ጠርዙ ቀጥ ያለ ጠፍጣፋ ሳንቃ ነበር። ሙዚቀኞች ጎድናችንን ቆረቆረን እያሉ አማረሩ። በ1954 ስትራቶካስተር ሲወጣ ከጀርባው ጎድን የሚያርፍበት፣ ከፊቱ ደግሞ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ተልጎ መጣ። ዛሬም ብዙ አምራቾች የሚከተሉት ይህንኑ ነው።

ሌስ ፖል በ1952 የወጣ ነው። ማሆጋኒ እንጨት ላይ ሜፕል እንጨት የተለበጠበት ወፍራም ቦዲ (አካል) አለው። ከ4 ኪሎ የሚያልፈው ብዙ ነው። ስትራቶካስተር አብዛኛውን ጊዜ 3.5 ኪሎ አካባቢ ነው። ተቀምጠህ ከሆነ ግን ሌስ ፖል ጥሩ ጓደኛ ነው፤ ክብደቱን ጭንህ ይሸከመዋል፣ ንቅንቅም አይልም። ስለዚህ ከቅርፁ በፊት ራስህን ጠይቅ፦ አብዛኛውን ሰዓት የምትጫወተው ተቀምጠህ ነው ወይስ ቆመህ? ለዚህ መልስ ከሌለህ የቀረው ምክር ሁሉ ወሬ ነው።

ጥያቄ፦ ሌስ ፖሌን አልለውጥም፣ ድምፁን እወደዋለሁ። ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ግራ ትከሻዬ ያልቃል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አትለውጠው። መጀመሪያ ማንጠልጠያውን ቀይር። ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ውስጡ ስፖንጅ ያለው ፈልግ። ክብደቱ አይቀንስም፣ ግን ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚከፋፈል አጥንትህ ላይ አይጫንም። ወደፊት ሌላ ሌስ ፖል ከገዛህ ደግሞ ውስጡ የተቦረቦረውን ጠይቅ። ጊብሰን ክብደት ለመቀነስ ከውጪ የማይታይ ቀዳዳ ወይም ክፍተት የሚሠራባቸው ሞዴሎች አሉት። አንድ ዓይነት ሞዴል ሆነው እንኳ ሁለት ጊታሮች በክብደት ይለያያሉ፤ እንጨት ነውና። ሚዛን ላይ ሳታስቀምጥ አትግዛ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። የጊብሰን ኤስጂ ቀጭንና ቀላል ስለሆነ በጣም ይመቻል ተብዬ ነበር። ሞክሬው ቀላልስ ቀላል ነው፤ ግን እጄን ስለቀው አንገቱ ወደ መሬት ይዘቀዝቃል። የኔ ብቻ ነው?

መልስ፦ ያንተ ብቻ አይደለም። የታወቀ ጠባዩ ነው። ይህን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ክብደትን ብቻ አይቶ ሚዛንን ይረሳል።

ጊታር ቆመህ ስትይዘው በሁለት ነጥብ ነው የሚንጠለጠለው፦ ከኋላ ጫፉና ከፊት ባለው የማንጠልጠያ ቁልፍ። የጊታሩ ክብደት መሃል በነዚህ በሁለቱ መካከል ካረፈ ተረጋግቶ ይቀመጣል። ወደ ፊተኛው ቁልፍ በጣም ከተጠጋ ወይም ካለፈው የጊታሩ ራስ፣ ማለትም መቃኛዎቹ ያሉበት ጫፍ፣ ይወርዳል። ስትራቶካስተር ላይ የላይኛው ቀንድ ረጅም ነው፤ ቁልፉ እስከ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው ብረት) አካባቢ ይደርሳል። በ1961 የመጣው የኤስጂ ቅርፅ ግን ቀንዶቹ አጫጭር ናቸው። ቁልፉም ብዙውን ጊዜ ከጀርባ፣ አንገቱ ቦዲውን ከሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። በዚያ ላይ ቦዲው ቀጭንና ቀላል ስለሆነ አንገቱን የሚመክትለት የለም። ውጤቱን አየኸው።

ጉዳቱ ምንድን ነው? ግራ እጅህ ኮርድ (በአንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች) መያዝ ብቻ ሳይሆን አንገቱንም መሸከም ይጀምራል። አውራ ጣትህ ይጨመቃል፣ ክንድህ ይደክማል። 3 ኪሎ ሆኖ የሚዘቀዝቅ ጊታር፣ 4 ኪሎ ሆኖ ከተረጋጋው የበለጠ ሊያደክምህ ይችላል።

መፍትሄው፦ ውስጡ ሻካራ ቆዳ የሆነ ማንጠልጠያ ልብስ ላይ ስለሚይዝ አይንሸራተትም። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ መቃኛዎቹን በቀላል ዓይነት መቀየር ይቻላል፤ ጫፍ ላይ የምትቀንሰው ትንሽ ግራም ከቦዲው ይልቅ ብዙ ለውጥ አለው። ቦዲው ላይ ክብደት የሚጨምሩም አሉ። እኔ አይዋጥልኝም፤ ቀላል ጊታር ገዝቶ ማክበድ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ ቴሌካስተር አለኝ፣ ጠርዙ ክንዴ ላይ ምልክት ያወጣል። በአሸዋ ወረቀት ላስተካክለው?

መልስ፦ ኧረ ተው! ቀለሙን ታበላሸዋለህ፣ መልሰህ መሸጥም ያስቸግርሃል። ረጅም እጅጌ ለብሰህ ሞክር፣ ወይም የጊታሩን አንገት ትንሽ ከፍ አድርገው፤ ክንድህ ጠርዙን የሚነካበት ቦታ ይቀየራል። አዲስ ለምትገዙ ግን ዛሬ ክንድና ጎድን የሚያርፍበት የተላገ ቴሌካስተርም አለ፤ ፌንደር በ2019 ያወጣው አሜሪካን አልትራ አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ አጭር ነኝ፣ ጣቶቼም አጫጭር ናቸው። ትንሽ ጊታር ልግዛ ወይስ ራሴን ላስለምድ? (ሴት ነኝ፣ 1 ሜትር ከ55።)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንለይ። አንደኛው ቦዲው ነው፣ ሁለተኛው ክሩ ከጫፍ እስከ ብሪጅ (ቦዲው ላይ ክሩ የሚያርፍበት ክፍል) የሚወጠርበት ርዝመት። ለጣቶችሽ የሚያስፈልግሽ ሁለተኛው ነው። በፌንደር ስትራቶካስተርና ቴሌካስተር 648 ሚሊ ሜትር ነው፣ ፒአርኤስ በሚባለው አምራች ብዙዎቹ ጊታሮች ላይ 635፣ በጊብሰን 628 አካባቢ። ፌንደር ጃጓር ደግሞ 610 ነው፤ ሙስታንግም በብዛት የሚገኘው በዚሁ ልክ ነው።

በተግባር ምን ማለት ነው? ክሩ ከሚጀምርበት እስከ 4ኛው ፍሬት ያለው ርቀት በ648ቱ ላይ 134 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በ610ሩ ላይ 126 ገደማ። 8 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ጣትሽን ዘርግተሽ የምትይዢው ኮርድ ላይ ግን ትልቅ ነው። አጠር ያለው ላይ ያው ክር በያው ቅኝት ይለዝባል፣ መጫንም ይቀላል።

ሁለተኛው ነገር ክንድሽ ነው። አንዳንድ ጊታር ላይ አንገቱ ወደ ግራ በጣም ይወጣል፣ ስለዚህ 1ኛው ፍሬት ይርቅሻል። ኤስጂ እንዲህ ነው። ስትሞክሪ 1ኛው ፍሬት ላይ ኮርድ ያዢና ክርንሽን እይ። ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ያ ጊታር ላንቺ አይደለም። ጣት አጭር ነው ብሎ መግዛት የሚተው ሰው ግን ያሳዝነኛል። አንዳንዴ ችግሩ ጣቱ ሳይሆን አውራ ጣት ከአንገቱ በላይ መውጣቱ ነው። ወደ ጀርባ መሃል አውርጂውና ተመልከቺ፤ የጣት መድረሻ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ፍላይንግ ቪ (የቪ ቅርፅ ያለው የጊብሰን ጊታር) ተቀምጦ መጫወት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ እንዲያውም ከሚወራው ይሻላል። ቀኝ ጭንህን በሁለቱ ክንፎች መሃል አስገባ፤ አንገቱ ወደ ላይ ቀና ይላል። በ1958 የወጣው የመጀመሪያው ሞዴል ጭን ላይ እንዳይንሸራተት ጎኑ ላይ ጎማ ተለጥፎበት ነበር። በዚያው ዓመት ጊብሰን ያወጣው ኤክስፕሎረር ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ክንድ ከፍ ያስደርጋል። ለመድረክ ግን አያሳፍርም።

ጥያቄ፦ የፌንደር ጃዝማስተር ወገቡ ለምን ጠማማ ሆነ? ለውበት ነው?

መልስ፦ ለምቾት ነው። በ1958 ሲወጣ የታሰበው ተቀምጠው ለሚጫወቱ የጃዝ ሙዚቀኞች ነበር። የላይኛውና የታችኛው ወገብ በአንድ መስመር ስላልሆኑ ጊታሩ ጭን ላይ ሲያርፍ ሚዛኑ ይስተካከላል። የጃዝ ሰዎች ብዙም አልተቀበሉትም፤ የሮክ ተጫዋቾች ወረሱት። ቦዲው ትልቅ ስለሆነ ትንሽ ሰው ላይ ግዙፍ ይመስላል፣ ይህን እወቁ።

ጥያቄ፦ የወገብ ሕመም አለብኝ። ራስ የሌላቸው ጊታሮች ይሻላሉ ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ስለ ሕመሙ ሐኪም ይናገር፤ ስለ ጊታሩ ግን አዎ፣ ይጠቅማሉ። ራሱ ሲቀር መቃኛዎቹ ወደ ብሪጅ ይሄዳሉ፤ ክብደቱ ቦዲው ጋ ይሰበሰባል፣ መዘቅዘቅም የለም ማለት ይቻላል። ሐሳቡን በ1980ዎቹ ያስተዋወቀው ስታይንበርገር ነው። አሁን ደግሞ የስዊድኑ ስትራንድበርግ ይታወቃል፤ ብዙዎቹ ሞዴሎቹ 2.5 ኪሎ አይሞሉም፣ ተቀምጠህ አንገቱን በተለያየ ማዕዘን እንድታሳርፈውም ቦዲው ተቆርጧል። ከመግዛትህ በፊት ክሩ እንዴት እንደሚታሰር ጠይቅ። አንዳንዱ በሁለቱም ጫፍ ትንሽ የብረት ኳስ ያለው ልዩ ክር ነው የሚፈልገው፤ ኮንሰርት ማታ ከተበጠሰብህ ከጓደኛህ መበደር አትችልም።

ጥያቄ፦ ግራኝ ነኝ። የቀኝ እጅ ስትራቶካስተር ገልብጬ ብጫወትስ? ግራኙ የሮክ ጊታሪስት ጂሚ ሄንድሪክስ አድርጎት የለ?

መልስ፦ አድርጎታል፤ ግን እሱ ጂሚ ሄንድሪክስ ነበር። ስትገለብጠው ክንድ የሚያርፍበት መላግ ወደ ታች ይሄዳል፣ የጎድኑም እንዲሁ። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ከክንድህ ስር ይመጡና ሳታስበው ታዞራቸዋለህ። ረጅሙ ቀንድም ወደ ታች ስለሚሆን ማንጠልጠያው በአጭሩ ላይ ይታሰራል፣ ሚዛኑም ይቀየራል። ምርጫ ካለህ ለግራኝ የተሠራውን ግዛ።

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ሙሉ መጠን ያለው ብገዛላት ታድግበታለች ብዬ አስቤያለሁ። ምን ይላሉ?

መልስ፦ እናት፣ ልብስ ቢሆን እስማማ ነበር። የሚከብዳትን ጊታር ግን ትጠላዋለች፣ ሲጠሉት ደግሞ ይቀራል። የክሩ ርዝመት ከ56 እስከ 58 ሴንቲ ሜትር የሆነ አነስተኛ ጊታር ይፈልጉላት። ተቀምጣ ስትይዘው ቀኝ ትከሻዋ ወደ ላይ ካልተሰቀለ ልኳ ነው። ትንንሾቹ ቅኝት ቶሎ ስለሚለቁ ክሩን ወፈር ባለ ያስቀይሩላት።

ጥያቄ፦ መሞከር አልችልም፣ በኢንተርኔት ነው የምገዛው። ምን ልይ?

መልስ፦ የጀርባውን ፎቶ ጠይቅ፤ የተላገ መሆኑ የሚታየው እዚያ ነው። የዚያኑ ጊታር ክብደት በኪሎ ይጻፉልህ፣ "ቀላል ነው" የሚል መልስ አትቀበል። የፊተኛው የማንጠልጠያ ቁልፍ የት ፍሬት ላይ እንደሚደርስ ከፎቶው ቁጠር። መመለስ የሚቻል መሆኑንም በጽሑፍ ያዝ። ሲደርስህ ሳትነካካው አንድ ምሽት ሙሉ ተጫወትበት፣ ግማሹን ተቀምጠህ ግማሹን ቆመህ።

ጥያቄ፦ ተቀምጬ ጥሩ እጫወታለሁ፣ ስቆም ሁሉም ይጠፋብኛል። የጊታሩ ቅርፅ ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም። ማንጠልጠያህ ረጅም ነው። ተቀምጠህ ሳለ ማንጠልጠያውን እስኪወጠር አሳጥረው፣ ከዚያ ቁም። ጊታሩ ከቦታው መንቀሳቀስ የለበትም። ጉልበት ድረስ ማውረድ ያምራል፣ አልክድም፤ የእጅ አንጓህን ግን ያጥፈዋል።

ጥያቄ፦ ከ17ኛው ፍሬት በላይ እጄ አይገባም። አንገቱና ቦዲው የሚገናኙበት ቦታ ወፍራም ነው። ይህ ከምቾት ይቆጠራል?

መልስ፦ ይቆጠራል። ሌስ ፖል አንድ በኩል ብቻ ስለተቆረጠና ተረከዙ (አንገቱና ቦዲው የሚገናኙበት) ወፍራም ስለሆነ እዚያ ያስቸግራል። ኤስጂ እዚህ ላይ ይክሳል፤ ሁለቱም ጎን ተቆርጦ አንገቱ እስከ መጨረሻው ነፃ ነው። የአይባኔዝ ኩባንያ ኤስና አርጂ ሞዴሎችም ለዚሁ የተሠሩ ናቸው፣ የኤስ ቦዲ ደግሞ በጣም ቀጭን ነው። ሶሎህ እዚያ የሚኖር ከሆነ ጊታር መቀየር ያዋጣሃል። ከ12ኛው ፍሬት ብዙም የማታልፍ ከሆነ ግን ለዚህ ብለህ ገንዘብህን አታውጣ።