«ማን? በምን አወቅህ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመመረቂያ ጥናቴን የመጀመሪያ ምዕራፍ አስገብቼ አማካሪዬ «ይሄ የአካዳሚክ አጻጻፍ አይደለም» ብሎ መለሰልኝ። እኔ ደግሞ ቀላል ቃል ሁሉ እየለቀምኩ አውጥቼ በከባድ ቃል ተክቼ ነበር። ከዚህ በላይ እንዴት ይክበድ? አንዱን ዓረፍተ ነገር ይዩልኝ፦ «ሞባይል ስልክ መጠቀም በተማሪዎች ጥናት ላይ ተጽዕኖ ከማሳደር አንጻር ከፍተኛ ሚና እየተጫወተ እንደሚገኝ ማንም የማይክደው ሐቅ ነው።»
ግራ የገባት ተመራቂ

መልስ፦ እህቴ፣ ጽሑፍሽ አልከበደም፣ አብጧል። ዓረፍተ ነገሩን እንፍታው። «ማንም የማይክደው ሐቅ» ብለሻል፤ ማንም ካልካደው ምኑን ልታጠኚው ነው? «ከማሳደር አንጻር» ሥራ ፈት ነው፣ ቢወጣ ምንም አይጎድልም። «ከፍተኛ» ስንት ነው? «ሚና እየተጫወተ ይገኛል» የዜና አንባቢ ቋንቋ ነው፤ ከጆሯችን ስለማይጠፋ የተማረ ሰው አነጋገር ይመስለናል። ይሄ ሁሉ ሲራገፍ የሚተርፈው «ሞባይል የተማሪን ጥናት ይነካል» ነው። እሱም ቢሆን ይጥቀም ይጉዳ አልነገርሽንም።

አሁን ይሄን እዪው፦ «መጠይቁን ከሞሉት 60 ተማሪዎች 41ዱ ስልካቸው አጠገባቸው ሲሆን ጥናታቸውን ደጋግመው እንደሚያቋርጡ ገልጸዋል።» (ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፣ የራስሽን ታስገቢያለሽ።) አንድም ከባድ ቃል የለውም። ግን ማን እንዳለ፣ ስንቱ እንዳለ፣ ምን እንዳለ ይታወቃል። ደግሞ «ገልጸዋል» የምትለዋን ልብ በያት። ሲያቋርጡ ቆመሽ አላየሽም፣ ነገሩሽ እንጂ። «ያቋርጣሉ» ብትዪ ከምታውቂው አንድ እርምጃ አልፈሻል፤ «ስልኩ ውጤታቸውን ይቀንሳል» ብትዪ ደግሞ ጭራሽ መንደር ለቀሻል፣ ምክንያቱም መጠይቅሽ ስለ ውጤት አልጠየቀም።

እኔም ተማሪ ሳለሁ አማካሪዬ ረቂቄን የመለሱልኝ ኅዳጉ ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ እየደጋገሙ ጽፈውበት ነበር፦ «ማን?» እና «በምን አወቅህ?» አሥራ ምናምን ገጽ ሙሉ! ያኔ ተናድጄ ነበር። ዛሬ የሰው ጽሑፍ ስይዝ እጄ ራሱ ይጽፋቸዋል።

በእርግጥ ቃልም ይመረጣል። «ይሄ» ብለሽ ሳይሆን «ይህ» ብለሽ ጻፊ፣ «አሪፍ» እና «በጣም ብዙ» ይቅሩ። በአጭሩ፣ እኔ እዚህ ዓምድ ላይ እንደምጽፈው አትጻፊ።

ጥያቄ፦ ጥናት ላይ «እኔ» ማለት ክልክል ነው? ጓደኞቼ «አጥኚው» በል ይሉኛል። ስለ ራሴ እንደ ጎረቤት ማውራት ይደብረኛል።

መልስ፦ እውነትህን ነው፣ ይደብራል። ሳይንቲስቶቹ ዋትሰን እና ክሪክ በ1953 እ.ኤ.አ. የዲኤንኤን ቅርጽ ኔቸር መጽሔት ላይ ሲያቀርቡ ጽሑፋቸው የተከፈተው «እኛ» በሚል ቃል ነው። ብዙ ትምህርት ክፍሎች የሚከተሉት የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር መመሪያም (ኤፒኤ የሚባለው) በ7ኛው እትሙ፣ ብቻህን ከሠራህ «እኔ» በል፣ ራስህን እንደ ሦስተኛ ሰው አትጥራ ይላል። በአማርኛማ «እኔ» የምትለዋ ግሱ ውስጥ ስላለች «ሰበሰብኩ» ካልክ በቃ። ብቻ «እኔ» ለሠራኸው ነገር ናት፣ ለመሰለህ አይደለም። «ቃለ መጠይቁን በስልክ አደረግሁ» ጥሩ ነው። «እኔ እንደሚመስለኝ» ካልክ ግን ያው «በምን አወቅህ?» ይመጣብሃል። ትምህርት ክፍልህ የግድ «አጥኚው» ካለ ደግሞ «አጥኚው» በልና እለፍ፤ በዚህ ተጣልተህ ነጥብ አትጣ።

ጥያቄ፦ ከመጽሐፍ የወሰድኩትን ሐሳብ ቃላቱን ሁሉ ቀይሬ ነው የጻፍኩት። መምህሬ ግን «ገልብጠሻል» አሉኝ። ተበደልኩ?

መልስ፦ አልተበደልሽም፣ ይቅርታ። መጽሐፉ «እንቅልፍ ያጣ ተማሪ ትኩረቱ ስለሚቀንስ ያነበበውን ለማስታወስ ይቸገራል» ይላል እንበል። አንቺ «እንቅልፍ ያላገኘ ተማሪ ሐሳቡ ስለሚበታተን ያጠናውን ማስታወስ ይከብደዋል» ብለሽ ጻፍሽ። ቀለሙን ቀባሽው እንጂ ቤቱ ያው የሰውዬው ቤት ነው፣ በሩም መስኮቱም በቦታው። እንዲህ አድርጊ፦ አንብቢ፣ መጽሐፉን ዝጊ፣ ለጓደኛሽ እንደምታወሪ በአፍሽ አውሪው፣ ያወራሽውን ጻፊ። ከዚያ ከፍተሽ አመሳክሪ፣ አንዳንዴ ተቃራኒውን ጽፈሽ ታገኚዋለሽ። በራስሽ ቃል ስለጻፍሽው ግን ሐሳቡ የአንቺ አይሆንም፤ የባለቤቱ ስምና ዓመቱ ይጠቀስ። ቃል በቃል ከወሰድሽ ደግሞ ትእምርተ ጥቅስና ገጽ ጨምሪ።

ምንጭ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የምታፈላልጉ ካላችሁም ተጠንቀቁ። ስሙ፣ ዓመቱ፣ መጽሔቱ ሁሉ ያማረ፣ ግን በዓለም ላይ የሌለ ጽሑፍ ሊሰጣችሁ ይችላል። ከፍታችሁ ያላነበባችሁትን አትጥቀሱ።

ጥያቄ፦ ጥናቱን በአጭሩ የሚያስቃኘውን አኅጽሮተ ጥናት መቼ ልጻፈው?

መልስ፦ መጨረሻ ላይ። ቦታው ፊት ነው እንጂ ሳታገኝ ያገኘኸውን ልትጽፍ አትችልም። በኤፒኤ ብዙውን ጊዜ ከ250 ቃላት አይበልጥም። «ውጤቱ በምዕራፍ 4 ቀርቧል» እያልክ አንባቢውን ወዲያ አትላከው፤ ውጤቱን እዚያው ንገረው።