በሁለትና በሦስት ኮለም መደርደር፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ዳታቤዝ የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው የመጣው ስለ «ኦርደር ባይ» (ORDER BY) ነው፤ ዝርዝሩ በየትኛው ኮለም (የሰንጠረዥ ዓምድ) ተደርድሮ ይውጣ ብለን ለዳታቤዙ የምንነግርበት ትእዛዝ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የተማሪዎችን ዝርዝር በክፍል፣ በስም፣ ከዚያ በአባት ስም መደርደር እፈልጋለሁ። ሦስት ጊዜ «ኦርደር ባይ» ልጻፍ?

መልስ፦ አንዴ ይበቃል። ሦስቱን ኮለሞች በኮማ እየለየህ ከኋላው ደርድራቸው። ዋናው ነገር ማን ይቅደም የሚለው ነው። ዳታቤዙ መጀመሪያ በክፍል ይደረድራል። ስም የሚያየው ክፍላቸው አንድ የሆኑትን ለመለየት ብቻ ነው። የአባት ስም ደግሞ ስማቸውም ሲገጥም ይመጣል። 9ኛ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰላሞች አሉ እንበል። ሰላም ለማ፣ ሰላም መኮንን፣ ሰላም ታደሰ እያለ ያወጣልሃል። ስምን ካስቀደምክ ግን 9ኛና 10ኛ ክፍል ይደባለቃሉ። እኛ ጋ የአባት ስምም ብዙ ጊዜ ስለሚገጥም የአያት ስም ብትጨምር ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ «ክፍል፣ ነጥብ ዴስክ» ብዬ ጻፍኩ። ነጥቡ ተገለበጠ፣ ክፍሉ ግን አልተገለበጠም። ለምን?

መልስ፦ «ዴስክ» (DESC)፣ ማለትም ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድር የሚለው ቃል፣ የሚሠራው ከእሱ በፊት ለተጻፈው ኮለም ብቻ ነው። ክፍሉም እንዲገለበጥ ከፈለግሽ ከ«ክፍል» ቀጥሎም ጻፊው።

ጥያቄ፦ 10ኛ ክፍል ከ9ኛ በፊት ይመጣብኛል።

መልስ፦ ኮለሙ ቴክስት (ጽሑፍ) ስለሆነ ነው። የመጀመሪያዋን ፊደል ያያል፣ 1 ደግሞ ከ9 ይቀድማል። ወደ ቁጥር ቀይረው። ወር በስም ስታስቀምጡም እንዲሁ ነው፤ ሐምሌ ከመስከረም በፊት ቁጭ ይላል።

ጥያቄ፦ ውጤት ያልገባላቸው ልጆች አንደኛ ሆነው ወጡ!

መልስ፦ ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ ሳትጠቀም አትቀርም። እሱ ነልን (ምንም ያልገባበትን ባዶ ቦታ) ከሁሉም የሚበልጥ አድርጎ ስለሚቆጥር በ«ዴስክ» ጊዜ ከሁሉ በላይ ያወጣዋል። «ነልስ ላስት» (NULLS LAST፣ ባዶዎቹ መጨረሻ) ብለህ ጨምርበት። ማይ ኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ላይ ግን ነል እንደ ትንሽ ስለሚቆጠር ያው «ዴስክ» ወደ ታች ይወስደዋል።

ጥያቄ፦ በ20 በ20 ገጽ እከፍላለሁ። ገጽ 1 ላይ ያየሁት ልጅ ገጽ 2 ላይ ተደገመ፣ ሌላው ደግሞ ጭራሽ የለም።

መልስ፦ ይህን እባካችሁ ልብ በሉት፤ የሰው ስም ከዝርዝር የሚጠፋው በዚህ ነው። 30 ልጆች እኩል 75 ካመጡ፣ ከመካከላቸው ማን ይቅደም የሚለውን አልነገርከውም። ስለዚህ በጠየቅከው ቁጥር በሌላ ተራ ሊያመጣቸው ይችላል። መጨረሻ ላይ የማይደገም ኮለም ጨምር፤ አይዲው (የእያንዳንዱ ልጅ መለያ ቁጥር) ይበቃል። እኔ ገጽ በምከፍልበት ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚጻፍ ጥያቄ) ሁሉ ሳልጨምረው አላልፍም።

ጥያቄ፦ ኃይሉ እና ሃይሉ ተራርቀው ይወጣሉ።

መልስ፦ ለእኛ ድምፁ አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሃ እና ኃ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሀ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ኀ ከቸ በኋላ። ጸ እና ፀም እንዲሁ። አንድ ተጨማሪ ኮለም ክፈቱና ሐን፣ ኀን ወደ ሀ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይራችሁ ስሙን እዚያ አስቀምጡ። ከዚያ በእሱ ደርድሩ። ዋናውን ስም ግን አደራ አትንኩት፤ ስክሪን ላይ የሚወጣው ባለቤቱ እንደጻፈው ይሁን።