«ሳይንስ አላጠናሁም፤ ላመልክት ወይስ ልተወው?»

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በማርኬቲንግ ተመርቀሽ ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ሠርተሻል። አሁን አንድ ለትርፍ ያልተቋቋመ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ፖሊሲ ተቋም የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ይፈልጋል። «ሳይንስ አላጠናሁም፤ የሚሸጥ ዕቃም የላቸውም፤ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?» ብለሻል። ማመልከቻው ሊዘጋ 10 ቀን ቀርቶታል።

አመልክቺ።

የሚሸጥ ዕቃ አለመኖሩ እውነት ነው። ግን የእነሱ ጥናት መደርደሪያ ላይ ከቀረ እንዳልተሠራ ነው። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ድምፅ የሚሰጥ የፓርላማ አባል 80 ገጽ የሚያነብበት ጊዜ የለውም። አንድ ገጽ ግን ያነባል። ያቺን አንድ ገጽ ሕጉ በሚመከርበት ሳምንት እጁ ላይ ማድረስ ነው ሥራሽ። ሳምንቱ ካለፈ የፈለገ ቢያምር ዋጋ የለውም።

ሳይንስ አለማጥናትሽን በተመለከተ አንድ ታሪክ ልንገርሽ። የአቶም ቦምብን በመሥራት የተሳተፉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1945 አደጋውን ለሕዝብና ለመንግሥታት የሚያስረዳ መጽሔት መሠረቱ። በ1947 የሽፋን ሥዕል ሲያስፈልጋቸው ማርቲል ላንግስዶርፍ የምትባል ሠዓሊ ዘንድ ሄዱ። ባሏ የፊዚክስ ሊቅ ነበር፤ እሷ ግን የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ነች። ለእኩለ ሌሊት 7 ደቂቃ የቀረው ሰዓት ሣለች፤ እኩለ ሌሊቱ የዓለም ጥፋት ምሳሌ ነው። ያ ሰዓት ዛሬም ዜና ይሠራል። የቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ፣ በ1991፣ 17 ደቂቃ እስኪቀረው ወደ ኋላ ተመልሶ ነበር።

ልብ በይ፤ ሰዓቱን የሣለችው እሷ ናት፣ ከዚያ ወዲያ ቆጣሪውን የሚያንቀሳቅሱት ግን ባለሙያዎቹ ናቸው። የአንቺም ሥራ እንደዚያው ነው። ቅርጹ ያንቺ፣ ደቂቃው የተመራማሪዎቹ።

የምፈራልሽም እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪዋ «ይህ ቴክኖሎጂ በአንዳንድ ዘርፎች የሰው ኃይል ፍላጎትን ሊቀንስ ይችላል» ብላ ጻፈች እንበል። የማስታወቂያ እጅሽ ወዲያው «ቴክኖሎጂው ሥራችንን ይነጥቃል!» ሊል ይቃጣዋል። «ሊ» የምትለዋ ፊደል ወደቀች፤ «አንዳንድ» ጠፋች። ላይኩ ይጎርፋል፤ ግን ጥናቱን የሚያውቅ አንድ ጋዜጠኛ ካገኘው ተቋሙ ለዓመታት የገነባው አመኔታ ተናጋ ማለት ነው። «አንዳንድ ሥራዎች ሊቀንሱ ይችላሉ፤ የትኞቹ?» ብትይ ግን አጭርም ነው፣ ሳቢም ነው፣ እውነትም ነው። ይህን ማድረግ ከቻልሽ ሳይንስ ካጠኑት ብዙዎቹ ትበልጪያለሽ።

ስለዚህ ሲቪሽን ከማሳመርሽ በፊት ይህን አድርጊ። ከተቋሙ ድረ ገጽ አንድ ጥናት አውርጂ። የአንድ ገጽ ማጠቃለያ፣ ለጋዜጠኛ የሚላክ አምስት መስመር ኢሜይል፣ አንድ የሶሻል ሚዲያ ጽሑፍ አዘጋጂለት። ከዚያ ዘርፉን ለሚያውቅ ሰው አሳዪና «የተሳሳትኩት የቱ ጋ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። እርማቱንም አብረሽ ላኪ፤ እርማት የሚቀበል ሰው መሆንሽን ያያሉ።

ሲቪው ላይ የክሊክ ብዛት ብቻ አትደርድሪ። ከባድ ነገር አቅልለሽ ያስረዳሽበትን ሥራ አስቀድሚ፤ የባንክም ይሁን የኢንሹራንስ ማስታወቂያ ይሆናል።

ደመወዙ ብዙ ጊዜ ከማስታወቂያ ድርጅት ያንሳል፤ እሱን ከወዲሁ አስቢበት።

ቃለ መጠይቅ ላይ ሁለት ነገር ሳትጠይቂ አትውጪ። ገንዘቡ ከማን ይመጣል? አንድ ጽሑፍ ሳይወጣ በፊት የመጨረሻውን ቃል የሚለው ማነው፣ ተመራማሪው ወይስ ለጋሹ? መልሱን ሲያድበሰብሱብሽ ካየሽ ሥራውን ከመቀበልሽ በፊት ደግመሽ ጻፊልኝ።

የአንድ ገጹን ረቂቅ እስከ ዐርብ ከላክሽልኝ ቅዳሜ አንብቤ እመልስልሻለሁ።