ሰኔ 30 ሳይደርስ ሰርቨሩን እንዴት እንፈትነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ በአይቲ ባለሙያነት እሠራለሁ። የሒሳብ ፕሮግራማችን የተጫነው ዋናው ቢሮ ባለ አንድ ሰርቨር ላይ ነው። የዘጌ፣ የመራዊ፣ የሐሙሲትና የወረታ ቅርንጫፎች በሪሞት ዴስክቶፕ (ከሩቅ ሆኖ በሰርቨሩ ላይ መሥራት በሚያስችለው መንገድ) እየገቡ ይሠሩበታል። አሁን ሁለት ቅርንጫፍ ልንጨምር ስለሆነ ተጠቃሚው ከ25 ወደ 40 ይደርሳል። አለቆቼ «ይችላል ወይስ አዲስ እንግዛ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ሲፒዩው ከ40 በመቶ ብዙም አያልፍም፤ ሠራተኞቹ ግን ጠዋት ጠዋት «ይጎተታል» ይላሉ። በምን ልፈትነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሠራተኞቹን እመናቸው። ሲፒዩው 40 በመቶ ላይ ነው ማለት ሰርቨሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ገንዘብ ያዧ ቁጥር ስትነካ ስክሪኗ ላይ እስኪመጣ ምን ያህል ትጠብቃለች? መለካት ያለብህ ይህንን ነው፤ ፊቷ የቆመው ደንበኛም የሚጠብቀው ያንኑ ነው።

ሰርቨርህ ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ ከሆነ፣ ፐርፎርማንስ ሞኒተር በሚባለው የዊንዶውስ መከታተያ ውስጥ «ዩዘር ኢንፑት ዲሌይ ፐር ሴሽን» የሚባል መለኪያ ታገኛለህ (ሴሽን ማለት አንድ ተጠቃሚ ገብቶ ሰርቨሩ ላይ የከፈተው ሥራ ነው)። አንድ ሰው ቁልፍ ወይም ማውስ ከነካ በኋላ ፕሮግራሙ እስኪቀበለው የፈጀውን ጊዜ በሚሊሰከንድ ያሳይሃል፤ ያውም አማካዩን ሳይሆን በዚያ ቅጽበት የባሰውን። ሙከራ ከመጀመርህ በፊት አንድ ሳምንት ክፈተውና ይመዝግብ። ከነፃ ራምና ከዲስክ ወረፋ (ዲስኩን ከሚጠብቀው ሥራ ብዛት) ጋር አብረህ አስቀምጠው። ኔትወርኩን ግን አያይልህም፤ የዘጌዋ ሠራተኛ የምትጠብቀው ከዚያ በላይ ነው።

ጠዋት የሚጎተተው ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። 2፡30 ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባል። ሎጊን በቀኑ ውስጥ ካሉት ሥራዎች ከከባዶቹ አንዱ ነው፦ የተጠቃሚው ፕሮፋይል ይጫናል፣ ግሩፕ ፖሊሲ (ለተጠቃሚዎች ከአንድ ቦታ የሚወጣው የዊንዶውስ ደንብ) ይነበባል፣ የየቅርንጫፉ ፕሪንተር ይገናኛል፣ ከዚያ ፕሮግራሙ ራሱ ይከፈታል። ስለዚህ ሙከራህ ተጠቃሚዎቹን ቀስ እያለ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ የጠዋቱን ነገር ጨርሶ አያሳይህም። አንዱን ዙር ቀስ በቀስ፣ ሌላውን ዙር በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም አስገባ።

መብራቱንም እንዳትረሳ። ቅርንጫፍ ላይ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ይዘጋል፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ሴሽን ግን አይዘጋም። ፕሮግራሙ እንደተከፈተ፣ ራሙን እንደያዘ፣ አንዳንዴም የደንበኛውን መዝገብ እንደቆለፈ ይቀመጣል። መብራት ሲመጣ ሁሉም በአንዴ ይመለሳል፤ «ሲስተም የለም» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ይህን መሞከር ቀላል ነው። በሙከራው መሀል መሞከሪያ ኮምፒውተሮቹ የተሰኩበትን ስዊች ንቀል፣ አሥር ደቂቃ ጠብቅ፣ መልሰህ ሰካ። ሰርቨሩ ላይ በታስክ ማናጀር ተጠቃሚዎቹን ብታይ «ዲስኮኔክትድ» ተብለው ራም ይዘው ታገኛቸዋለህ። የተቋረጠ ሴሽን ከስንት ሰዓት በኋላ ይዘጋ የሚለውን በግሩፕ ፖሊሲ መወሰን ትችላለህ። ያልተቀመጠ ሥራ ስለሚጠፋ ግን ከሒሳብ ክፍል ጋር ሳትነጋገር አትንካው።

ወደ ዝግጅቱ እንምጣ። እውነተኛው ዳታ ላይ በፍጹም አትሞክር፤ ባክአፑን ሌላ ቦታ መልሰህ በኮፒው ሥራ። ለእያንዳንዱ የሙከራ ተጠቃሚ የራሱ አካውንት ክፈት፣ ምክንያቱም ዊንዶውስ ሰርቨር ካልቀየርከው በስተቀር ለአንድ አካውንት አንድ ሴሽን ብቻ ስለሚፈቅድ ሁለተኛው ሲገባ የመጀመሪያውን ይነጥቀዋል። ላይሰንሱንም ቁጠር፤ የሪሞት ዴስክቶፑንም የሒሳብ ፕሮግራሙንም።

የተጠቃሚውን ሥራ በራሱ የሚያስመስለውን ስክሪፕት ኦቶኢት በሚባለው ነፃ መሣሪያ ጻፈው፤ ሴሽኑ ውስጥ ሎጊን ሲደረግ በራሱ ይነሳ። ፕሮግራሙን ይክፈት፣ ደንበኛ ይፈልግ፣ ተቀማጭ ያስገባ፣ ደረሰኝ ያትም፣ የእያንዳንዱን ሰዓት ፋይል ላይ ይጻፍ። እባክህ በመሀሉ እረፍት አድርግበት። ገንዘብ ያዥ ብር ትቆጥራለች፣ ደብተር ትገልጣለች፣ ታስፈርማለች፤ እንደ ማሽን ሳታቋርጥ አትጽፍም። ያለ እረፍት የሚሮጥ ስክሪፕት ከአንድ ሰው በብዙ እጥፍ ስለሚጫን ውጤቱ ያለ ምክንያት ሰርቨር ያስገዛችኋል። ከተጠቃሚዎቹ ሁለት ሦስቱ ደግሞ ትልልቅ ሪፖርት ያውጡ፤ ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ሲዘጋ የሚሆነው እሱ ነው፣ መስኮት ላይ ደንበኛ እያለ ከኋላ ሪፖርት ይወጣል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር፦ የሪሞት ዴስክቶፑን መስኮት ሚኒማይዝ አታድርግ። ያኔ ሰርቨሩ ምስል መላክ ያቆምና ስክሪን እያየ የሚሠራው ስክሪፕት ባለበት ይቆማል። መስኮቶቹን አሳንሰህ ደርድራቸው እንጂ አትደብቃቸው። አንድ ላፕቶፕ ላይ 40 መስኮት አትክፈት፤ የሚታፈነው ላፕቶፑ ሆኖ ሳለ ሰርቨሩ ይመስልሃል። አምስት ስድስት ኮምፒውተር ላይ በትነው።

ከዚያ 10፣ 20፣ 25 እያልክ ውጣ፤ በየደረጃው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይ። 25 ላይ ስትደርስ ሠራተኞቹ የሚያማርሩበትን ያንኑ መጎተት ማየት አለብህ። ካላየኸው ሙከራው እውነተኛውን ሥራ አልመሰለምና አስተካክለው እንጂ ወደ 40 አትለፍ። እኔ ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምነግርህ ይህንን ነጥብ ነው። 40ን ካለፍክ 50 ድረስ ሂድ፤ የት ላይ እንደሚሰበር ማወቅ አለቆችህ ለጠየቁህ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው ዘጌ ቅርንጫፍ ተቀምጦ በተለመደው መስመር እየሠራ በስልኩ ሰዓት ይያዝ። ሰርቨሩ ደህና ሆኖ ዘጌ ብቻ ከተጎተተ፣ ችግሩ በሰርቨር ግዢ አይፈታም።

ሲሰበር መጀመሪያ ያለቀውን እይ። ራም ከሆነ ራም ይጨመራል። ዲስኩ የቆየው የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነና ወረፋው ከበዛ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ይግባለት። ሁለቱም ከአዲስ ሰርቨር በጣም ይረክሳሉ።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ተማሪ ነኝ። ጄሜትር የሚባለውን የሰርቨር ጫና መፈተኛ ተምረናል፤ ሪሞት ዴስክቶፕን በሱ መፈተን ለምን አይቻልም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ ጄሜትር ጎበዝ የሚሆነው እንደ ኤችቲቲፒ (ድረ ገጾች የሚላኩበት ቋንቋ) ያለ፣ ጥያቄና መልሱ የሚነበብ ነገር ላይ ነው። በሪሞት ዴስክቶፕ መስመር የሚሄደው ግን ከአንድ ወገን ቁልፍና ማውስ፣ ከሌላው ወገን የስክሪን ምስል ነው፤ ያውም ተመስጥሮ። «አስቀምጥ» የሚለው ቁልፍ ለመሣሪያው ቀለም ያለው ሳጥን ብቻ ነው። እንደ ሎድራነር ያሉ ለዚህ የተዘጋጁ መሣሪያዎች ስክሪኑ ላይ የተወሰነ ምስል እስኪታይ ጠብቀው ነው የሚቀጥሉት። ለዚህም ነው የስክሪኑ ስፋት ወይም የፊደሉ አሳሳል ትንሽ ሲቀየር ስክሪፕቱ የሚጠፋበት፤ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት አድርጊው። ለመመረቂያ ሥራ ካሰብሽው፣ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ሰርቨርን ለ180 ቀን መሞከሪያ በነፃ ይሰጣል፤ የሪሞት ዴስክቶፕ አገልግሎቱም ያለ ላይሰንስ 120 ቀን ይሠራል። ለአንድ ሴሚስተር ይበቃሻል።