«ክቡር ጋዝ» ወይስ «ጨዋ ጋዝ»?

ጥያቄ፦ ልጄን ኬሚስትሪ ሳስጠናው «ኖብል ጋዝ» የሚለውን በአማርኛ ምን ልበለው? አንድ ዘመዳችን «ክቡር ጋዝ» በይው ይላሉ። እኛ ስንማር ደግሞ መምህራችን «ሰነፍ ጋዝ» ይሉ ነበር። ሃሎጅንስ አማርኛ የለውም? ደግሞ የጥርስ ሳሙናው ላይ «ፍሎራይድ» ተብሎ ተጽፎ ሰው ሁሉ «ፍሎሪን» የሚለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ የአጻጻፉን ጣጣ እንገላገል። ብዙ ሰው «ኖቤል ጋዝ» ብሎ ይጽፋል። ስህተት ነው። ኖቤል የስዊድናዊው የአልፍሬድ ኖቤል ስም ነው፤ ኖብል ግን ባላባት፣ የትልቅ ሰው ዘር ማለት ነው። የሚያሳስት አጋጣሚ መኖሩን አልክድም። አብዛኞቹን ኖብል ጋዞች (ሂሊየም፣ ኒዮን፣ አርጎን፣ ዜኖንና መሰሎቻቸውን) ያገኘው ኬሚስቱ ዊሊያም ራምሴ በ1904 የኖቤል ሽልማት የወሰደው በእነሱው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የመምህርዎ «ሰነፍ» ከሜዳ የመጣ አይደለም። ራምሴና ሎርድ ሬይሊ በ1894 አርጎንን ሲያገኙ ከምንም ነገር ጋር አልዋሃድ አላቸው። ስሙን ከግሪክኛው «አርጎስ» አወጡለት። «አ» አፍራሽ ነው፣ «ኤርጎን» ሥራ ነው። ሥራ ፈት ማለት ነው እንግዲህ። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው አንድ እጅ ገደማ እንዲህ ያለ ሥራ ፈት ነው። «ኢነርት» የሚለው ላቲንም ሙያ የሌለው እንደ ማለት ነው። «ሰነፍ ጋዝ» እስከ 1962 ድረስ ልክ ነበር። በዚያ ዓመት ኒል ባርትሌት ካናዳ ውስጥ ዜኖንን ከፕላቲነም ሄክሳፍሎራይድ ጋር አዋሃደው። ወዲያው ሌሎች ዜኖንን ከፍሎሪን ጋር ብቻ አዋሃዱት። ከዚያ ወዲህ «ሰነፍ» ማለት ስም ማጥፋት ነው።

«ክቡር»ስ? እዚህ ላይ ማስረጃው ከዘመድዎ ጋር ነው። ጀርመናዊው ሁጎ ኤርድማን በ1898 «ኤድልጋስ» (በጀርመንኛ ኖብል ጋዝ) ሲል ያሰበው ወርቅንና መሰሎቹን፣ የማይዝጉትን ነው። እነሱን እኛ «የከበሩ ማዕድናት» ስንል ኖረናል። ዐረብኛው «ነቢል»፣ ዕብራይስጡ «አጺል» ብሎ በዚሁ መንገድ ሄዷል። (ነቢልና ኖብል አንድ ሥር ናቸው የሚሉ አሉ። አይደሉም። የላቲኑ «ኖቢሊስ» ከማወቅ ነው የመጣው፣ «የታወቀ» ማለት ነው።) ማስረጃው ይህ ሆኖ ሳለ እኔ «ክቡር ጋዝ» አልወድም። ቃሉን ስብሰባ አበላሽቶብናል። «ክቡራትና ክቡራን» ሲባል ስንቴ አንቀላፍተናል? ክቡር ኒዮን ካልኩ የመክፈቻ ንግግር ሊያደርግ የተነሳ ይመስለኛል።

የእኔ ምርጫ «ጨዋ ጋዝ» ነው። ጨዋ ሰው ዱዳ አይደለም፤ ካገኘው ሁሉ ጋር አይቀላቀልም እንጂ። ጋዞቹም እንደዚያው ናቸው። የዳር ምሕዋራቸው ሞልቷል፤ ሂሊየም በ2፣ ሌሎቹ በ8 ኤሌክትሮን። ቸኩለው የሚሰጡትም የሚወስዱትም የለም። በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ግን አተሙ ይሰፋል፣ የዳሮቹ ኤሌክትሮኖች ከአስኳሉ ይርቃሉ፣ መያዣው ይላላል። ሂሊየምና ኒዮን በተራ ሁኔታ ንክች ሳይሉ ዜኖን የተረታው ለዚህ ነው። የሚፈሉበት ሙቀትም አብሮ ይወጣል፤ ሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ላይ፣ ራዶን ከዜሮ በታች 62 ላይ።

ዜኖንን የረታው ፍሎሪን ደግሞ ሃሎጅን ነው። ሃሎጅኖች የዳር ኤሌክትሮናቸው 7 ነው፤ ያችን አንዲት ለማግኘት የማያደርጉት የለም። እዚህ አካሄዱ ይገለበጣል፤ ላይኛው ፍሎሪን ከሁሉ ኃይለኛ ነው፣ ወደ ታች እየሰከኑ ይሄዳሉ። ፍሎሪንና ክሎሪን ጋዝ፣ ብሮሚን ፈሳሽ፣ አዮዲን ጠጣር ናቸው። ስሙን በ1811 ያወጣው ሽቫይገር ነው፤ «ሃልስ» በግሪክኛ ጨው ነው፣ «ጌን» ደግሞ ማስገኘት። «ጨው አፍሪ» ቢባል አይከፋም ነበር። ማንም ግን አይለውም፤ ስለዚህ «ሃሎጅን» ይበሉ። «ሃሎጂን» አይደለም፤ ኦክስጅን፣ ሃይድሮጅን ካልን ይህም በሳድስ ነው።

እንግዲህ በሰንጠረዡ ጨው አፍሪውና ጨዋው ጎን ለጎን ናቸው፣ 17ኛና 18ኛ ዓምድ ላይ። ይህን ያየ አንድ ጸሐፊ «ጨዋ ማለት ጨው ያለው፣ ለዛ ያለው ሰው ነው» ብሎ ሊተነትን ይነሳል። ሲሉም ሰምቻለሁ። አልስማማም! ጨው በግእዝ «ጼው» ነው፣ በጸሎቱ ጸ። ጨዋ ግን «ፄዋ» ነው፣ በፀሐዩ ፀ፤ «ፄወወ» ማረከ ከሚለው። ቃሉ መጀመሪያ ምርኮኛ ነበር። ከዚያ የንጉሥ ጭፍራ ሆነ፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በየጠረፉ የሰፈረው ማለት ነው። በኋላ ነው ምግባረኛ ሰው የሆነው። ሁለቱ ቃላት አማርኛ ላይ ሲደርሱ በ«ጨ» ተገናኙ። «ከሁለቱ ጸ አንዱ ይቅር» የሚሉ ሰዎች የሚያናድዱኝ እንዲህ ያለውን ፈለግ ስለሚያጠፉብን ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ፣ ለልጅዎ ደብተር ላይ «ኖብል ጋዝ» ብለው ይጻፉለት። ተማሪው የሚለው እሱን ነው፣ የኋላ ኋላ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። «ጨዋ»ን በቃል ይንገሩልኝ።

ወደ ሳሙናው። ፍሎሪን ያገኘውን የሚበላ ጋዝ ነው፤ አፍዎ ውስጥ አይገባም። ፍሎራይድ ግን የጎደለችውን ኤሌክትሮን አግኝቶ የሰከነው ነው። ኤሌክትሮኑ 10 ነው፣ ልክ እንደ ኒዮን። በስምጥ ሸለቆ ከጉድጓድ ውሃ ጥርስ የሚያበልዘውም ይኸው ፍሎራይድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ «ውሃው ፍሎሪን በዝቶበታል» የሚል ዜና ስሰማ አሁንም ያመኛል። በ«አዮዲን ያለው ጨው» ግን ተሸንፌያለሁ። ውስጡ ያለው በአብዛኛው ፖታሲየም አዮዴት ነው። «አዮዴት ያለው ጨው ስጠኝ» ብሎ ሱቅ የሚጠይቅ አይገኝም፤ እንቅርት እስከከለከለ ድረስ እኔም አልከራከርም።