ስለ ግራም ለጠየቀኝ ልጅ

ከለገጣፎ አንድ ወጣት «ለሪሞት አውሮፕላኔ ኮምፒውተር እየሠራሁ ነው፤ ስንት ግራም ቢሆን ይሻላል? ባትሪስ ለብቻው ላድርግለት ወይስ ከሞተሩ ጋር ይጋራ?» ብሎ ጠየቀኝ። የመጀመሪያው አልከበደኝም። ሁለተኛው ግን የድሮ ቁስል ነካብኝና መልሱን ለሁላችሁም ልጽፈው ወሰንኩ።

ክብደቱን ቶሎ እንጨርስ። ራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብሊው የሚባለው ትንሹ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር 65 በ30 ሚሊ ሜትር ነው፤ 11 ግራም ገደማ ይመዝናል። የሚያከብደው አብሮት የሚሄደው ኮተት ነው፤ የዩኤስቢ ገመዱ ብቻውን ከቦርዱ ሊበልጥ ይችላል። ገመዱን ተዉትና የ5 ቮልቱን ፖዘቲቭ የቦርዱ ፒን 2 ላይ፣ ኔጌቲቩን ፒን 6 ላይ በሶልደር በይዱት፤ ንዝረትንም ከሶኬት የተሻለ ይችላል። ከማብራታችሁ በፊት በቴስተር ለኩ። ሁለቱ ከተቀያየሩ ቦርዱ አለቀለት። ለመመዘን የወርቅ ቤት ሚዛን ፈልጉ፤ የኩሽናው አይሆንም።

በግራም የምጨቃጨቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የምናበርበት የሱሉልታ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ያው አውሮፕላን አየር ላይ ለመቆየት 13 በመቶ ያህል ፈጥኖ መብረር አለበት፤ ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ያንሰዋል። የዘንድሮ ልጆች በቪዲዮ ያያችሁትን ልክ እንዳለ ትገለብጣላችሁ፤ ቪዲዮው የተቀረጸበትን ከፍታ ግን የሚጠይቅ አላየሁም።

ወደ ባትሪው እንምጣ። ባለ 3 ሴል፣ 2,200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሊፖ (የሞተሩ ሊቲየም ባትሪ) 24 ዋት ሰዓት ይይዛል። ኮምፒውተሩ ከነካሜራው 2 ዋት ቢወስድ በ15 ደቂቃ ግማሽ ዋት ሰዓት ነው፤ ከመቶ ሁለት እጅ። ለዚህ ብሎ ሁለተኛ ባትሪ መሸከም ለምን? እኛም ያኔ እንዲሁ አሰላን። ስሌቱ ልክ ነበር፤ አውሮፕላኑ ግን ወደቀ።

ክንፉ 1.4 ሜትር የሆነ የፎም አውሮፕላን ነበር፤ 4 ሰርቮ (የክንፉንና የጭራውን መሪ የሚያዞሩ ትንንሽ ሞተሮች)፣ አንድ ራስፕቤሪ ፓይ 3። ለሁሉም 5 ቮልት የሚሰጠው የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ስፒድ ኮንትሮለር ውስጥ ያለው ቤክ (የባትሪውን ቮልቴጅ የሚያወርደው ክፍል) ነበር፤ 2 አምፔር ተብሎ የተጻፈበት። ያ ዓይነቱ ቤክ ትርፉን ቮልቴጅ ወደ ሙቀት ቀይሮ ነው የሚጥለው፤ 12.6 ቮልት ገብቶ 5 ሲወጣ በየአንዱ አምፔር 7.6 ዋት ሙቀት፣ ያውም በፕላስቲክ ተጠቅልሎ። ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ሠራ፤ ነፋስ የማይታገለው ሰርቮ ብዙ አይበላምና። አየር ላይ ግን 9 ግራም የሚባለው ትንሹ ሰርቮ እንኳ ሲጨነቅ 700 ሚሊ አምፔር ገደማ ይስባል። አራቱ አብረው ሲስቡ 3 አምፔር ሊሞላ ነው።

ኅዳር ነበር፤ ሣሩ ታጭዶ ተከምሯል። 40 ሜትር ላይ ከነፋስ ጋር እየታገለ ሲታጠፍ አራቱም ሳቡ፣ 5 ቮልቱ ወረደ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንደገና መነሣት ጀመረ። መነሻው ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። የከፋው ደግሞ የሪሲቨሩ (የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው) ትእዛዝ ወደ ሰርቮዎቹ የሚያልፈው በዚያው ኮምፒውተር በኩል ነበር። ሪሞቱን ብንነካካው ሰሚ የለም። በአፍንጫው መሬት ላይ ተተከለ። አንድ እረኛ ልጅ ክንፉን እንደ ጃንጥላ ራሱ ላይ ይዞ አመጣልን።

ሜሞሪ ካርዱ ላይ የበረራው ፋይል ዜሮ ባይት ነበር። የዋዜማው የጠረጴዛ ሙከራ መዝገብ ግን አለ፤ ሦስት ጊዜ «ቮልቴጅ ዝቅ ብሏል» ይላል። ፓይ 3 ከ4.63 ቮልት በታች ሲወርድ ይህን ይጽፋል። አይቼው «የገመዱ ነው» ብዬ ያለፍኩት እኔ ነኝ። የዜሮ ዘሮች ይህ መቆጣጠሪያ እንኳ የላቸውም፤ ሳይናገሩ ነው የሚጠፉት።

ስለዚህ ባትሪው አንድ ይሁን፣ መስመሩ ሁለት። ለኮምፒውተሩ ባለ 3 አምፔር፣ ለሰርቮዎቹ ባለ 5 አምፔር፣ ሁለቱም ስዊቺንግ የሚባሉት፣ ትርፉን ወደ ሙቀት የማይጥሉት ቤኮች። የስፒድ ኮንትሮለሩን ቀይ ሽቦ ከሪሲቨሩ ነቅላችሁ ጫፉን በናስትሮ ሸፍኑ፤ አለዚያ ሁለት ቤክ እርስ በርስ ይጣላል። ቅድም በግራም ስጨቃጨቅ የነበርኩት ሰውዬ አሁን 20 ግራም ጨምሩ እያልኩ ነው። ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ) ይበቃል የሚሏችሁን አትስሙ፤ 1,000 ማይክሮፋራድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ አካባቢ ቢያቆያችሁ ነው። መሪውን ሪሲቨሩና ፍላይት ኮንትሮለሩ (በረራውን የሚያረጋጋው ቦርድ) ይያዙት፤ ኮምፒውተሩ ቢሞትም አውሮፕላኑ መታዘዙን አያቁም። ዋይፋዩን በበረራ ጊዜ አጥፉ፤ ሪሞቱም 2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ከሆነ ሁለቱ ይጋፋሉ። መዝገቡን በየሰከንዱ ካርዱ ላይ አስጽፉ። ከምን አለሽ ተራ የሚገኙት የላፕቶፕ ሴሎች ለጠረጴዛ ሙከራ ይሆናሉ፤ ለሞተር ግን አይችሉም። ስለ ሊፖ አሞላልና ስለ ፈቃድ አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ።

አንተ የለገጣፎው፣ ሣሩ እስኪታጨድ ገና ጊዜ አለህ። ፕሮፔለሩን ንቀል፣ ቴስተርህን ዝቅተኛውን ቁጥር እንዲይዝ አድርገህ ፒን 2 እና 6 ላይ አስቀምጥ፣ ጓደኛህ አራቱን ሰርቮ ለአንዳፍታ በእጁ ይጫናቸው። ከ4.8 በታች ካነበብክ አታብር። ያገኘኸውን ቁጥር ጻፍልኝ።