በስልክ ካሜራ የሚሠራ የተማሪዎች ስቶፕ ሞሽን ፊልም፦ ጥያቄና መልስ

በሐዋሳ አጫጭር ፊልሞችን ከሚሞክሩ የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ተማሪዎች ጋር ለተወሰኑ ዓመታት ስሠራ ቆይቻለሁ። ስቶፕ ሞሽን ማለት ግዑዝ ነገርን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ አንድ በአንድ ፎቶግራፍ ማንሳትና ፎቶግራፎቹን በተከታታይ በማሳየት ነገሩ በራሱ የሚንቀሳቀስ እንዲመስል ማድረግ ነው። የዓመቱ የክፍል ፕሮጀክት ስለተቃረበ ከተማሪዎችና ከወላጆች የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ (የ11ኛ ክፍል ተማሪ)፦ መምህር፣ አምስት ሆነን የአምስት ደቂቃ ፊልም ልንሠራ ተስማምተናል፤ ማስረከቢያው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ይደርስልናል ብለው ያስባሉ?

መልስ፦ አይደርስላችሁም፤ ይህን የምለው ሥራውን እንድትጨርሱት ስለምፈልግ ነው። ሲኒማ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ያሳያል፤ በስቶፕ ሞሽን ግን አንዱን ፎቶግራፍ ለሁለት ፍሬም ያህል ማቆየት የተለመደ ስለሆነ ለአንድ ሰከንድ 12 ፎቶግራፍ ይበቃል። በዚህ ሒሳብ አምስት ደቂቃ 3,600 ፎቶግራፍ ይጠይቃል። አሻንጉሊቱን ለማስተካከል፣ እጅን ከመድረኩ (አሻንጉሊቱ ከሚቆምበት ትንሽ ሥፍራ) ለማውጣትና ውጤቱን ለማየት ለአንዱ ፎቶግራፍ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቢፈጅባችሁ እንኳ ሥራው 120 ሰዓት ይሆናል። የ30 ሰከንድ ፊልም ግን በ360 ፎቶግራፍ፣ ማለትም በ12 ሰዓት ያልቃል፤ ይህም በአራት ቅዳሜዎች ሦስት ሦስት ሰዓት መሥራት ማለት ነው። እንግሊዛዊው ኒክ ፓርክ የፊልም ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ በ1982 እ.ኤ.አ. የጀመረው የፕላስቲሲን (እንደ ጭቃ የሚቀረጽ፣ የማይደርቅ ነገር) ፊልም ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይሞላ ሆኖ ሳለ የተጠናቀቀው በ1989 ነበር። እናንተ ሰባት ዓመት የላችሁም፤ ስለዚህ ፊልሙን አሳጥሩት።

ጥያቄ፦ ታሪኩ የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው የፍቼ ጨምበላላ በዓል ሲከበር የሚያሳይ እንዲሆን እንፈልጋለን። በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ አደባባይ ላይ የሚሰበሰበውን ሕዝብ እንዴት እናሳየው?

መልስ፦ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን መድረኩ ላይ የቆመ እያንዳንዱ ሰው በየፎቶግራፉ ሊነካ ይገባዋል። 20 ሰው ካስቀመጣችሁ ለ360 ፎቶግራፍ 7,200 ጊዜ ማንቀሳቀስ ሊኖርባችሁ ነው፤ ያልተነካው ሰው ደግሞ እንደ ድንጋይ ፈዝዞ ይታያል። ይልቁንም አንዲት ልጅ ምረጡ። በበዓሉ ልጆች ከጎረቤት ጎረቤት እየዞሩ ቡርሳሜ (ከቆጮና ከቅቤ የሚዘጋጅ ምግብ) ስለሚበሉ፣ ልጅቷ አንድ በር አንኳኩታ ስትገባ ብቻ ብታሳዩ፣ የሕዝቡን ጭፈራ ደግሞ ከውጭ በድምፅ ብታሰሙ፣ ተመልካቹ ያላየውን ሕዝብ ራሱ ይሞላዋል። ለ30 ሰከንድ የሚመጥነው አንድ ድርጊት ነው።

ጥያቄ፦ አሻንጉሊቱን ከምን እንሥራው? ሸክላ አፈር በነፃ እናገኛለን።

መልስ፦ ሸክላ አፈር ውኃው ሲተን ይደርቃል፣ ሲደርቅም መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ለማይንቀሳቀስ ዕቃ፣ ለቤት ግድግዳ፣ ለድስትና ለድንጋይ ተጠቀሙበት። ለሚንቀሳቀሰው አካል የሚሻለው ፕላስቲሲን ነው፤ በውኃ ፋንታ ዘይትና ሰም ያለበት ስለሆነ አይደርቅም። ችግሩ ሙቀት ነው። በሐዋሳ ቀትር ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ ክፍል ውስጥ ፕላስቲሲን ይለሰልስና አሻንጉሊቱ ቀስ በቀስ ይጎብጣል፣ የጣት አሻራም ይበዛበታል። በዕረፍት ጊዜ በፌስታል ጠቅልላችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ብታቆዩት ይጠነክራል። ጭንቅላቱንም ከቀላል ነገር፣ ለምሳሌ ከተጠቀለለ ወረቀት ሠርታችሁ በላዩ ላይ ስስ ፕላስቲሲን ብታለብሱት አንገቱ አይወድቅም።

ጥያቄ፦ አሻንጉሊቱን ከውስጥ ለሚይዘው አጥንት የትኛው ሽቦ ይሻላል?

መልስ፦ ለስላሳ የአሉሚኒየም ሽቦ ካገኛችሁ እሱ ይመረጣል፤ ሁለት ሽቦ አንድ ላይ ጠምዝዛችሁ ተጠቀሙ። ካጣችሁ የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ይሠራል፤ ጠንከር ስለሚል ግን እግሩን በሚገባ አስሩት። ማንኛውም ሽቦ በአንድ ቦታ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይበጠሳልና ለክንድና ለጉልበት መለዋወጫ አዘጋጁ። እግሩን ከመድረኩ ጋር ለማያያዝ መድረኩን ከካርቶን ወይም ከፎም ሥሩና ከታች በስፒል ውጉት።

ጥያቄ (የኮሌጅ ተማሪ)፦ ያነሳናቸውን ፎቶግራፎች አንድ ላይ ስናጫውታቸው ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ቀለሙም ይለዋወጣል። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ስልኩ ደኅና ነው፤ የተማሪ ፊልሞችን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ግን ይህ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

የመጀመሪያው ምክንያት ስልኩ ራሱ የሚወስነው ነገር ነው። ካሜራው በየፎቶግራፉ ብርሃኑን፣ የቀለሙን ሚዛንና ፎከሱን እንደ አዲስ ይለካል፤ አሻንጉሊቱ ጥቂት ሲንቀሳቀስ ልኬቱ ይለወጥና አንዱ ፎቶግራፍ ደመቅ፣ ሌላው ጨለም፣ ሦስተኛው ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ፎቶግራፎቹን ለየብቻ ስታዩአቸው ልዩነቱ አይታወቅም፤ በሰከንድ 12 ሲሆኑ ግን ዓይን ይይዘዋል። መፍትሔው ሦስቱንም በእጅ መቆለፍ ነው። ብዙ ስልኮች ካሜራቸው ውስጥ ፕሮ የሚባል ክፍል አላቸው፤ እንደ ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ ያሉ አፕሊኬሽኖችም ይህን ይፈቅዳሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ፀሐይ ናት። ከተማሪዎች ጋር በሠራነው የመጀመሪያ ፊልም መድረኩን ከክፍሉ መስኮት አጠገብ አድርገን፣ ብርሃኑ ስላማረን ቀኑን ሙሉ አነሳን። ከሰዓት በኋላ ደመና ሲመላለስ የአሻንጉሊቱ ጥላ እየታየ እየጠፋ፣ ቦታውንም እየለወጠ ነበር፤ ይህን ያወቅነው ማታ ስናጫውተው ነው። ወደ 200 የሚጠጋ ፎቶግራፍ ጥለን እንደገና ጀመርን። ከዚያ ወዲህ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ እንሸፍናለን፣ ወይም ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ በአምፖል ብቻ እንሠራለን።

ሦስተኛው የአምፖሉ ጉዳይ ነው። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ድግግሞሹ በሰከንድ 50 ስለሆነ አንዳንድ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። የካሜራው የመክፈቻ ፍጥነት (ሻተር ስፒድ) ከዚህ ጋር ካልተስማማ በምስሉ ላይ አግድም ጥላ ይሮጣል፤ ፍጥነቱን 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ብታደርጉት ይጠፋል።

አራተኛው እናንተ ናችሁ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ወይም ነጠላ የደረበ ሰው ከመድረኩ አጠገብ ሲቆም ብርሃን ይመልሳል። ስለዚህ የሚያነሱት ልጆች ጠቆር ያለ ልብስ ይልበሱ፤ ፎቶግራፉ በሚነሳበት ቅጽበትም ሁሉም ሁልጊዜ ያው ቦታ ላይ ይቁም።

ጥያቄ፦ ካሜራውስ? ትራይፖድ የለንም።

መልስ፦ ስልኩን በሁለት ከባድ መጻሕፍት መካከል አጥብቃችሁ በፕላስተር እሰሩት፤ ጠረጴዛውንም ከግድግዳ ጋር አስጠጉት። ስልኩን በጣት እየነካችሁ አታንሱ፤ ትንሿ ንክኪ ምስሉን ታናጋዋለች። የሁለት ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ወይም ለሰልፊ የሚሸጠው የብሉቱዝ ሪሞት ይበቃችኋል። ስልክ ተደውሎ ሥራው እንዳይቋረጥ ኔትወርኩን ዝጉት።

ጥያቄ፦ መብራት ቢጠፋብንስ? በቻርጀብል መብራት መቀጠል እንችላለን?

መልስ፦ አትቀጥሉ። የብርሃኑ ቀለም ይለያያል፣ ባትሪው ሲዳከምም ብዙዎቹ እየደበዘዙ ይሄዳሉ። ማንም ሳይነካ መድረኩን እንዳለ ተዉትና መብራቱ ሲመጣ ከመጨረሻው ፎቶግራፍ ጋር አስተያይታችሁ ቀጥሉ። መብራት ብዙ ጊዜ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ከመጀመሪያው ጀምሮ በፓወር ባንክ የሚሠራ የዩኤስቢ አምፖል ተጠቀሙ።

ጥያቄ (የ10ኛ ክፍል ተማሪ)፦ የእኛ አሻንጉሊት ይንቀሳቀሳል፤ ግን ሕይወት የለውም፣ እንደ ማሽን ነው። ምን ጎደለው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በማንሳትሽ ደስ ብሎኛል፤ የሥራው ጥበብ ያለው እዚህ ነውና። ምናልባት በየፎቶግራፉ እኩል መጠን እያንቀሳቀሳችሁት ይሆናል። ክብደት ያለው ነገር ግን በዝግታ ይነሳል፣ መካከል ላይ ይፈጥናል፣ ሊቆም ሲል ደግሞ ይቀዘቅዛል። አንድ ክንድ በአንድ ሰከንድ 4 ሴንቲ ሜትር እንዲነሳ ብትፈልጉ በ12ቱ ፎቶግራፎች በሚሊ ሜትር 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 5፣ 5፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1 እያላችሁ አንሱት፤ ድምሩ 40 ነው። ይህንኑ ክንድ በእኩል መጠን ካነሳችሁት ጋር አነጻጽሪው፤ ልዩነቱን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግሽም።

ከዚህም ሌላ ከማንሳታችሁ በፊት ተመልከቱ። ስለ አባ ኮዳ (ትልቁ ራሰ በራ ወፍ) ፊልም የሚሠሩ ልጆችን በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወስጄ አንድ ሰዓት ያህል ምንም ሳይሠሩ ወፉን እንዲያዩ አደረግሁ። ዓሣ አጥማጁ የዓሣውን ሆድ ዕቃ ሲጥል አባ ኮዳው ወዲያው አይሮጥም፤ መጀመሪያ አንገቱን ያዞራል፣ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ይራመዳል። ያቺ መቆም በፊልማቸው ውስጥ ስምንት ፎቶግራፍ ሆና ገባች፤ ወፉ የሚያስብ የመሰለውም በእሷ ምክንያት ነው። ዓይን መጨፈን ሦስት ወይም አራት ፎቶግራፍ ብቻ ይወስዳል፤ የሚያመጣው ሕይወት ግን ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ሐይቁንና የሚበር ወፍ እንዴት እናሳይ?

መልስ፦ ለሐይቁ ሰማያዊ ፌስታል ጨምድዳችሁ ዘርጉና በየፎቶግራፉ ሽብሽቡን በጥቂቱ ቀይሩት። ለወፉ ደግሞ ካሜራውን ከላይ ወደ ታች አዙራችሁ፣ ከወረቀት የተቆረጠውን ወፍ ወዲያ ማዶ በሚያሳይ የመስኮት መስታወት ላይ አስተኝታችሁ፣ የሰማዩን ሥዕል ከመስታወቱ ሥር አድርጉ። ክርና ሽቦ ሳያስፈልግ ይበራል።

ጥያቄ፦ ፕላስቲሲን መግዛት ለማንችልስ?

መልስ፦ ጥቁር ካርቶን፣ መቀስና አንድ አምፖል ይበቃችኋል። ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር በ1926 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያቀረበችው ረጅም ፊልም የተሠራው በአብዛኛው ከካርቶን በተቆረጡ፣ መጋጠሚያቸው በሽቦ በተያያዘ የጥላ ምስሎች ነው። መስታወት በሁለት ወንበር መካከል አድርጉ፣ በላዩ ስስ ነጭ ወረቀት ዘርጉ፣ አምፖሉን ከሥር አብሩ። ሥዕል የምትወዱ ከሆነ ደግሞ የአገራችን ተወላጅ የሆነው ዕዝራ ውቤ በአንድ ሸራ ላይ እየሣለ፣ ፎቶግራፍ እያነሳና በላዩ እንደገና እየሣለ የሚሠራበትን መንገድ ሞክሩ። በእኔ አስተያየት የጥላው ዘዴ ለጀማሪ ከፕላስቲሲን ይሻላል፤ አሻንጉሊቱ አይወድቅም፣ አይቀልጥምም።

ጥያቄ፦ ልጆች የሚያዩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ስቶፕ ሞሽን ነው?

መልስ፦ አይደለም። እዚያ አሻንጉሊቶቹን ሰው በእጁ እያንቀሳቀሰ በቀጥታ ይቀረጻል።

ጥያቄ፦ ከፊልሙ ጋር የታወቀ ዘፈን ብናስገባ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለዜማና ለግጥም ደራሲውም ሆነ ለድምፃዊው መብት ይሰጣል፤ ፊልሙን በኢንተርኔት ልታወጡት ካሰባችሁ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ክራር ወይም ዋሽንት የሚጫወት የክፍል ጓደኛ ፈልጉ። ንግግር ካለ ድምፁን አስቀድማችሁ ቅረጹና የአፉን እንቅስቃሴ በእሱ ልክ ቁጠሩ፤ በኋላ ለማስማማት መሞከር አድካሚ ነው። ብርድ ልብስ የተሰቀለበት ክፍል ማስተጋባቱን ይቀንሳል።

ጥያቄ (እናት)፦ ልጄ ቅዳሜን ሁሉ በዚህ ያሳልፋል። ለትምህርቱ ይጠቅመዋል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ሥጋትዎ ይገባኛል። ልጅዎ ሴኮንድና ሚሊ ሜትር እያሰላ፣ የብርሃንን ጠባይ እያጠናና ከአራት ጓደኞቹ ጋር ሥራ እየተካፈለ ነው። ይሁን እንጂ ለፈተና የሚያጠናበት ሰዓት እንዳይነካ፣ ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ቢወስኑለት እኔም እደግፍዎታለሁ፤ ከዚያ በላይ የደከመ እጅ መድረኩን ይገፋል።

ጥያቄ፦ በመካከል አሻንጉሊቱ ቢወድቅብን ከመጀመሪያ መጀመር አለብን?

መልስ፦ የለባችሁም። የመጨረሻውን ደኅና ፎቶግራፍ በስሱ ከአሁኑ ምስል ጋር ደርቦ የሚያሳይ ክፍል ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ በተባለው አፕሊኬሽን ውስጥ አለ፤ እሱን ከፍታችሁ አሻንጉሊቱን በነበረበት አቁሙት። ጥቂት ከተዛባም ካሜራውን ወደ ፊት አቅርቡና አዲስ ሾት ጀምሩ፤ ተመልካቹ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስለዋል። የቀኑን ሥራ ስትጨርሱ ግን ፎቶግራፎቹን በሁለተኛ ስልክ ወይም በፍላሽ ገልብጣችሁ፣ አንድ ጊዜ አጫውታችሁ ሳታዩ መድረኩን አታፍርሱ።